ከማን አንጻር?

ሰቆጣ ላይ ቁጭ ያለ ሰው በእርግጥ ቁጭ ብሏል ማለት የሚቻለው መሬቱን ዳኛ አድርገን ከሾምን ብቻ ነው። ምድር በዛቢያዋ ስትዞር እኛን፣ ቤታችንንና ተራሮቻችንን ይዛ በሰዓት ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ትከንፋለች። በፀሐይ ዙሪያ ደግሞ በሴኮንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። ይህ ሁሉ ሆኖ ስኒ ውስጥ ያለ ቡና ጠብ አይልም።

ጋሊሊዮ ጋሊሌይ እ.ኤ.አ. በ1632 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን በመርከብ አስረድቶታል። ቀጥ ብላ በእኩል ፍጥነት በምትቀዝፍ መርከብ ሆድ ውስጥ የተዘጋበት ሰው፣ ወደ ውጭ ካላየ፣ መሄዷንም መቆሟንም ሊለይ አይችልም፤ የውኃው ጠብታ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ቢራቢሮውም እንደ ወትሮው ይበራል። ለዋግ ልጅ ግን መርከብ ሩቅ ነገር ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከባንክ ሥራ በኋላ፣ የሰፈር ተማሪዎችን ፊዚክስ ሳስጠና መርከቡን በአውቶቡስ ለውጬዋለሁ።

ከሰቆጣ ወደ ኮረም በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶቡስ፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከሚመጣ የጭነት መኪና ጋር ፊት ለፊት ቢገናኝ፣ ለተሳፋሪው መኪናው በ70 ይመጣበታል። ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ቢሄዱ ኖሮ ልዩነታቸው 10 ብቻ ነበር። ጎን ለጎን የተቀመጡ ተሳፋሪዎች ደግሞ አንዱ ለሌላው የቆመ ነው። እንግዲህ ፍጥነት ‹‹ከማን አንጻር?›› ተብሎ ካልተጠየቀ ትርጉም የለውም። ፊዚክስ ይህን ዳኛ የማመሳከሪያ ማዕቀፍ ይለዋል። መናኸሪያ የቀረች እናት ‹‹ልጄ ራቀኝ›› ትላለች፤ ልጇ በመስኮት እያየ ‹‹አገሬ ራቀችኝ›› ይላል። ርቀቱ አንድ ነው፤ ሁለቱም አልዋሹም።

እዚህ ላይ ስደርስ አንዲት ተማሪ እጇን አነሣች። በ2013 ዓ.ም. በጀመረው ጦርነት ሳቢያ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተፈናቅለው ሰቆጣ ከተጠለሉት ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ናት።

‹‹ጋሼ፣ እንግዲያው እኛ ከቀያችን ሄድን ማለትና ቀያችን ከእኛ ሄደ ማለት እኩል ነው?››

መልሱ እዚያው ፊዚክሱ ውስጥ አለ። እኩልነቱ የሚሠራው መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ፍጥነቱም የማይለወጥ እስከሆነ ድረስ ነው። በተራራ መንገድ የተሳፈረ ሰው ጠመዝማዛው ላይ ወደ ጎን ይንገዳገዳል፤ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት ይላተማል። መንገድ ዳር ያለው ዛፍ በመስኮት ሲታይ የሚዞር ቢመስልም ቅጠሉ እንኳ አይነቃነቅም። አካሄዱ የተለወጠበት ማን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ውጭ ማየት አያስፈልግም፤ ገላ ይናገራል።

‹‹እኩል አይደለም›› አልኳት፤ ‹‹የተናጠው ማን እንደሆነ ይታወቃል።››

ምንም አላለችም፤ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

አንዳንዴ ‹‹ሰው በዛብን፣ የቤት ኪራይ ናረብን›› ሲባል እሰማለሁ። ከተናጋሪው አንጻር ሐሰት አይደለም፤ እርሱ ቆሟል፣ ሰው ወደ እርሱ መጥቷል። ከመጣው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲታይ ግን ቤት፣ ማሳና ጎረቤት አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሸሽተዋል። ርቀቱንማ ከየትም ሆነን ልንለካው እንችላለን፤ ጠመዝማዛው ላይ የሆነውን ግን ከተሳፈረው በቀር የሚነግረን የለም።