የሰቆጣ ሀብት ወዴት ሄደ?

ሀብታም ከተማ ሲባል ብዙዎቻችን አዲስ አበባን፣ ከአዲስ አበባም ቦሌን እናስባለን። ፎቁና መኪናው ይታየናል። ነገር ግን በዋግ ደጋ ላይም በጥንት ዘመን በሀብቷ የታወቀች ከተማ ነበረች። እርሷም ሰቆጣ ናት። እስቲ ዛሬ ሰቆጣን አብረን እንያት።

ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። ከላሊበላ በስተ ሰሜን ትገኛለች። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በገበያዋ ብንዞር ኽምጣንጋና አማርኛ እንሰማለን። ብዙ ሰው ሁለቱንም ያውቃል፤ በአንዱ ሰላምታ ሰጥቶ በሌላው ዋጋ ይከራከራል።

በድሮ ዘመን የዋግ ገዢዎች ዋግሹም ይባሉ ነበር። መቀመጫቸው ሰቆጣ ነበረች። ከእነርሱ አንዱ፣ ዋግሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም በኢትዮጵያ ላይ ነግሠዋል።

ታዲያ የከተማዋ ሀብት ከየት መጣ? ከጨው ነው። በአፋር ቆላ ሰፊ የጨው ሜዳ አለ። ጨው ከዚያ እየተቆረጠ ይወጣል፤ ተጠርቦም አሞሌ ይሆናል። አሞሌ ማለት ሞላላ የጨው ጡብ ነው። ያን ጊዜ አሞሌ ለወጥ ብቻ አልነበረም፤ እንደ ገንዘብም ያገለግል ነበር። እህልም ጨርቅም ይገዛበት ነበር። አሞሌው በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ በትግራይ በኩል ዳገቱን ወጥቶ ሰቆጣ ይደርሳል። እዚያም ሌላ ነጋዴ ገዝቶ ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ይዞት ይሄዳል። አሞሌ ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ነጋዴው ያተርፋል፤ ገዢው ቀረጥ ይቀበላል፤ ማደሪያ የሚያከራየውም፣ ጠጅ የምትሸጠውም እንጀራ ያገኛሉ። እንግዲህ ሰቆጣን ያበለጸጋት መንገድ ነው።

መንገድ ያመጣውን ሀብት ግን መንገድ መልሶ ወሰደው። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም፣ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚያልፍ የመኪና መንገድ ተሠራ። መንገዱ በደሴ፣ በአላማጣ፣ በኮረምና በማይጨው በኩል ሄደ። ሰቆጣን ትቷት በስተ ምሥራቋ አለፈ። የብዙ በቅሎ ጭነት በአንድ መኪና ተጫነ። በአሞሌ መገበያየትም ቀረ። ከተማዋ ከዳር ቀረች።

ከዳር መቅረት ምን ማለት እንደሆነ በ1977 ዓ.ም ታየ። በዚያ ክፉ የረሃብ ዘመን ብዙ የዋግ ሰው ቤቱን ዘግቶ ወደ ኮረም ተሰደደ። ኮረም በዋናው መንገድ ላይ ናት፤ የዕርዳታው እህል የሚራገፈውም እዚያ ነበር።

አሁን ደግሞ የዛሬውን ኑሮ እንይ። በ1999 ዓ.ም በተደረገው ቆጠራ የዋግ ኽምራ ሕዝብ 426,213 ነበር። በከተማ የሚኖረው 29,951 ብቻ ነበር። ከ100 ሰው 7ቱ ከተሜ፣ 93ቱ ገጠሬ ማለት ነው። በሰቆጣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ አስተማሪ፣ ባለሱቅ፣ ልብስ ሰፊ፣ ጠላ ሻጭና የቀን ሠራተኛ ይኖራሉ። ሻል ያለው ቤቱን በብሎኬት ሠርቶ ቴሌቪዥን ያያል። ከጎኑ ደግሞ በአንድ ክፍል የጭቃ ቤት ተከራይቶ የሚኖር አለ።

የሁለቱም ምግብ ግን ከገጠር ይመጣል። ማሩን፣ ፍየሉን፣ ጤፉንና ማሽላውን የሚያመጣው ገበሬው ነው። የተከዜ ግድብ በ2001 ዓ.ም ካለቀ ወዲህ ወጣቶች ከሐይቁ ዓሣ እያጠመዱ ይሸጣሉ። ገጠሩ ገበያ ሳይወጣ ቢቀር ባለብሎኬቱም ጦሙን ያድራል።

ይህም በጦርነቱ ጊዜ፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም፣ በግልጽ ታይቷል። መንገድ ተዘጋ፤ መብራትና ስልክ ተቋረጠ፤ የሀብታሙም የድሃውም ቤት ጨለመ። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎችም ሰቆጣ መጥተው ተጠለሉ።

ታዲያ የማይሄድ ሀብት የቱ ነው? ለዚህ ጥያቄ ፍንጭ የሚሰጥ አንድ ውሳኔ በሰቆጣ ስም ይጠራል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሚባለውን ውሳኔ አወጣ። ቃሉም ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም ለማጥፋት ነው። መቀንጨር ማለት ሕፃኑ በምግብ ማነስ የተነሣ በቁመቱም በአእምሮውም በደንብ ሳያድግ መቅረቱ ነው። ልጁ በሁለት ዓመቱ ያጣውን በኋላ መመለስ በጣም ይከብዳል።

ጨው በበቅሎ መጥቶ በበቅሎ ሄደ። ጠግቦ ያደገና ፊደል የቆጠረ ልጅ ግን መንገድ ቢዘጋም ዕውቀቱ ከእርሱ ጋር ይቀራል። እኛ ከተማን ስናይ ከፎቁ በፊት ልጆቹን እንይ።

ለውይይት፦
1. የእኛ ቀበሌ ገበያ የቆመው በምን ላይ ነው? መንገዱ ቢዘጋ ምን ይቀረናል?
2. በቤታችን ያለው ትንሹ ልጅ ትናንት ምን በላ?