ባዘሩ ይጩህ፣ ሞተሩ ግን አይጥፋ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ማክሰኝትን መሃል ለመሃል ሰንጥቋት ያልፋል። በገበያ ቀን ሰዉም አህያውም ባጃጁም መንገዱ ላይ ነው። ለጭነት መኪና ጂፒኤስ ስገጥም ቀድማ የምትታሰበኝ እሷ ናት። ካርታው ላይ ዙሪያዋን እከልልና ሁለት ሁኔታ አያይዛለሁ፦ መኪናው ክልሉ ውስጥ ከገባና ፍጥነቱ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ካለፈ፣ ጋቢናው ውስጥ ያለው ባዘር ይጮኻል። ትእዛዙ የተጫነው መሣሪያው ላይ ስለሆነ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል።

ሞተር የሚያጠፋውን ሪሌይ ግን ከፍጥነት ጋር አላያይዘውም። በሩጫ ላይ ሞተር ከጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ይዳከማል። ሪሌዩ መሥራት ያለበት መኪናው ሲቆም ብቻ ነው። ጂፒኤስ የምትገጥሙ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ ይህችን ሁኔታ አትዝለሏት፤ የሰው ሕይወት ናት።