ከሞጆ ወዲያ ስላለው የገጠር ቀበሌ አስተዳደር

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ዱከምንና ቢሾፍቱን አልፎ ሞጆ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። አንዱ ወደ አዳማ ይወርዳል፤ ሁለተኛው በመቂና ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ አድርጎ ወደ ደቡብ ይሄዳል። መንገደኛው በዚህ ሁሉ ስፍራ የሚያየው ሕንፃውን፣ ገበያውን፣ የጭነት መኪናውንና የባቡሩን ሐዲድ ነው። ነገር ግን ከአውራው ጎዳና ጥቂት ገባ ብሎ በግራሩ ሥር ወደ ተሠሩት ቤቶች ቢደርስ የመንደርን አስተዳደር ያገኛል። የድንበር ክርክር፣ የውኃ ተራና የሟች ውርስ አስቀድሞ የሚታየው በዚያ ነውና፣ ለአንድ ቤተ ሰብ ከሹማምንት ሁሉ የሚቀርበው የቀበሌው ሹም ነው።

በዚህ አገር የመንደር ሸንጎ ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም። በዱከም አጠገብ ያለው ኦዳ ነቤ ከጥንት ጀምሮ የገዳ ጉባኤ ይደረግበት የነበረ ስፍራ መሆኑ የታወቀ ነው። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን የያዘው ወገን 8 ዓመት ካስተዳደረ በኋላ ለተተኪው ያስረክባል። ይህም ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት መዝገብ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋራ ተጽፎአል።

ከዚያ ወዲህ መንደሩ በቆሮና በጭቃ ሹም እጅ ሆነ። ሥራቸውም ግብር መሰብሰብ፣ ሰውን ለሥራ መጥራትና ትንንሹን ጠብ ማስታረቅ ነበረ። ከእነዚህ መካከል ደግ ሰዎች አልጠፉም፤ ሆኖም ሹመታቸው ከላይ የመጣ ስለ ሆነ ዓይናቸው ብዙ ጊዜ ወደ ሾማቸው ጌታ ይመለከት ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረትም በሕዝቡ አፍ የቀረው ያለ ምክንያት አይደለም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ፣ ቢያንስ በ800 ሄክታር፣ ይኸውም በ20 ጋሻ መሬት ላይ፣ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋምና የራሱ የፍርድ ሸንጎ እንዲኖረው ታዘዘ። የዛሬው የገጠር ቀበሌ ሥሩ ከዚህ ነው። ማኅበሩ በመጀመሪያ መሬት አከፋፈለ፤ በኋላ ግን የእህል ኮታና የወታደር ምልመላ አስፈጻሚ ሆነና ፊቱ እንደ ገና ወደ ላይ ዞረ።

በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡሩን አዲስ አበባ ያደረሰው ኩባንያ የፈረንሳውያን ነበረ። በእነዚያ ሰዎች አገር እጅግ ትንሽ የሆነ መንደር እንኳ ምክር ቤትና ከንቲባ አለው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1884 በጸናው ሕግ መሠረት ሕዝቡ አማካሪዎችን፣ አማካሪዎቹም ከመካከላቸው ከንቲባውን ይመርጣሉ፤ ዘመናቸውም 6 ዓመት ነው። ከንቲባው ጋብቻ ያጸናል፣ የልደትና የሞት መዝገብ ይጠብቃል፣ የመንደሩን መንገድና የትምህርት ቤቱን ሕንፃ ይንከባከባል። ቢበድል ግን ጎረቤቶቹ በምርጫ ቀን ይተዉታል። የፈረንሳዩ መንደርና የኦዳው ጉባኤ በርቀት ቢለያዩም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ የሹሙ ዘመን አስቀድሞ የተቈረጠ ነው።

በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያና በአርሲ ደግሞ ሲንቄ የሚባል ሥርዓት አለ። ሲንቄ ሴት ልጅ በሠርጓ ቀን ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን በትር ናት። ሚስት በግፍ የተበደለች እንደ ሆነ ሴቶቹ በትራቸውን ይዘው ከየቤታቸው ይወጣሉ፤ በዳዩም እስኪክስ ድረስ አይመለሱም። ሹም ሲዘገይ የደካማውን ጩኸት የሚያሰማ እንዲህ ያለ ልማድ ሊከበር ይገባዋል።

ዛሬ በኦሮሚያ የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፋል፤ የባህል ፍርድ ቤቶችም በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ታውቀዋል። ይህ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ባሏ የሞተባት ሴት ድንበሯ በተገፋ ጊዜ ደብተሩ የሚረዳት፣ የቀበሌው ሹም ገልጦ ያነበበላትና ሳያዳላ የፈረደላት እንደ ሆነ ነው። እንግዲህ የወረዳ ሹማምንት ቀበሌውን ሲጎበኙ ስንት ግብር እንደ ገባ ከጠየቁ በኋላ፣ ስንት መበለት አቤት ብላ ፍርድ እንዳገኘች ደግሞ ይጠይቁ። አባትና እናትም ልጆቻቸውን ሲያሳድጉ፣ ሹመት የጎረቤት አደራ መሆኑን፣ አደራም በቀኑ የሚመለስ መሆኑን ከልጅነታቸው ያስተምሩአቸው።