ሜዳውና አጥሩ

ከቬኔዙዌላ ጠረፍ ፊት ለፊት በምትገኘው በትሪኒዳድ ደሴት፣ በዋና ከተማዋ በፖርት ኦፍ ስፔን፣ ኩዊንስ ፓርክ ኦቫል የተሰኘ የክሪኬት ሜዳ አለ። በስተሰሜኑ ደን የለበሱ ተራሮች ተደርድረዋል፤ በዳርቻውም ግዙፍ ዛፎች ጥላቸውን ይጥላሉ። ያየው ሁሉ ውበቱን ያደንቃል። የሜዳው ታሪክ ግን ከተራሮቹ ሳይሆን ከአጥሩና ከበሩ ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ1896 ሜዳውን ያቋቋመው ኩዊንስ ፓርክ የሚባል የግል ክበብ ሲሆን አባሎቹ በአብዛኛው ባለጸጋ ነጮች ነበሩ። ጨዋታውም ራሱ ከእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች ጋር የመጣ ነው። አንዱ ወገን ኳስ ይወረውራል፤ የሌላው ወገን መቺ በጠፍጣፋ ዱላ እየመታ ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ይከላከላል፤ ኳሱ ርቆ ሲሄድ ሁለት መቺዎች ቦታ እየተለዋወጡ ይሮጣሉ፤ እያንዳንዱም ሩጫ ነጥብ ይሆናል። የገናን ጨዋታ ለሚያውቅ ሰው ዱላና ኳስ እንግዳ አይሆኑበትም። ይሁንና በገና ዕለት ጌታ አይቆጣም ይባላል፤ በፖርት ኦፍ ስፔን ግን ሜዳውም፣ በሩም፣ ደንቡም የጌታ ነበር።

በከተማይቱ የነበሩት ክበቦች የኅብረተሰቡን መደብና የቆዳ ቀለም አንድ ባንድ ያሳዩ ነበር። ኩዊንስ ፓርክ የሀብታም ነጮች፣ ሻምሮክ የፈረንሳይ ዘር ያላቸው ካቶሊኮች፣ ሜፕል ቀላ ያሉ ክልስ መካከለኞች፣ ሻነን አነስተኛ ደመወዝ የሚያገኙ ጥቁር መምህራንና ጸሐፊዎች፣ ስቲንጎ ደግሞ የድኻ ጥቁር ሠራተኞች ነበሩ። ይህን ሥርዓት ከሁሉ አጥርቶ የጻፈው በ1901 የተወለደው የደሴቲቱ ልጅ ሲ. ኤል. አር. ጄምስ ነው። ጄምስ ጥቁር መምህር ስለነበረ ቦታው ሻነን ነበር፤ እርሱ ግን በትምህርቱ ተመክቶ ወደ ሜፕል ገባ። በ1963 ባሳተመው ከድንበሩ ባሻገር በተሰኘው መጽሐፉ ያ ምርጫ ከሰፊው ሕዝብ እንደለየውና ፖለቲካዊ ንቃቱን ለብዙ ዓመታት እንዳዘገየበት ያለ አንዳች ማመካኛ ተናዝዟል። መጽሐፉን ታላቅ ካደረጉት ነገሮች አንዱም ደራሲው ከሌላው አስቀድሞ ራሱን መክሰሱ ነው።

ሜዳው የመጀመሪያውን ቴስት፣ ማለትም ቀናት የሚፈጀውን የአገሮች ግጥሚያ፣ ያስተናገደው በ1930 ነው። እስከ 1954 ድረስ ኳሱ የሚነጥርበት መሬት በጁት ምንጣፍ ይሸፈን ነበር። በመጨረሻው የምንጣፍ ዓመት ዊክስ፣ ዎሬልና ዎልኮት የተባሉት ሦስት የባርቤዶስ ጥቁር ልጆች በአንድ ተራ እያንዳንዳቸው ከመቶ በላይ ነጥብ አስቆጠሩ። ጥቁር ሰው መምታትም መወርወርም ተፈቅዶለት ነበር። ማዘዝ ግን አልተፈቀደለትም። ጆርጅ ሄድሊ በ1948 ለአንድ ግጥሚያ ብቻ ከመምራቱ በቀር የዌስት ኢንዲስ ቡድን አምበል ሁልጊዜ ነጭ ነበር።

ጄምስ በ1932 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1935 ኢትዮጵያን ለመውረር ስትነሳ በለንደን የተቋቋመውን የኢትዮጵያ አፍሪካውያን ወዳጆች ማኅበር በሊቀመንበርነት የመራው ይኸው የክሪኬት ጸሐፊ ነው። በ1958 ወደ አገሩ ተመልሶ ኔሽን የተባለውን ጋዜጣ ማዘጋጀት ሲጀምር አንድ ጥያቄ አነሳ፤ ፍራንክ ዎሬል እያለ ጄሪ አሌክሳንደር ለምን አምበል ይሆናል?

ጥር 30 ቀን 1960 ከእንግሊዝ ጋር በሚደረገው ግጥሚያ ሦስተኛ ቀን ላይ ወደ 30,000 የሚጠጋ ሕዝብ ሜዳውን ሞልቶት ነበር። እንግሊዝ 382 ነጥብ አስቆጥሯል። በአገሩ ሜዳ የመጀመሪያ ቴስቱን የሚጫወተው ቻራን ሲንግ ሮጦ መስመሩ ላይ ሳይደርስ እንግሊዞች እንጨቶቹን አፈረሱ፤ ዳኛውም ጣቱን አነሳ። ስምንት መቺዎች ወጥተው ነጥቡ 98 ብቻ ነበር። መጀመሪያ አንድ ጠርሙስ፣ ቀጥሎ አያሌ ጠርሙሶች ወደ ሜዳው ወረዱ፤ ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ ገባ፤ የዕለቱ ጨዋታም ተቋረጠ። እውነቱ ይነገርና የዳኛው ፍርድ ትክክል ነበር፤ በጠርሙስም ፍትሕ አይገኝም። ቢሆንም ያ ሕዝብ እንግሊዞቹን ለመምታት አልተነሳም። ጄምስ እንደተረዳው ቁጣው ከአንድ ዳኛ ጣት የራቀ ሥር ነበረው፤ ሕዝቡ የጨዋታው አስተዳዳሪዎች ለእርሱ የቆሙ መሆናቸውን ማመን ካቆመ ቆይቷል።

በዚያው ዓመት ዎሬል አምበል ተባለ። በ1960 መጨረሻ ወደ አውስትራሊያ ዘምቶ በብሪስቤን በቴስት ታሪክ የመጀመሪያውን የእኩል ነጥብ ፍጻሜ አስመዘገበ። አሌክሳንደርም ሳያኮርፍ በዎሬል ሥር ከእንጨቶቹ ኋላ ኳስ እየቀለበ ተሰለፈ፤ በሲድኒም ከመቶ በላይ ነጥብ አገኘ። ስለዚህ ሰው ክብር ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ መነገር ግን ይገባዋል።

ትሪኒዳድ በ1962 ነጻ ወጣች። በ1971 የሕንዱ ሱኒል ጋቫስካር የመጀመሪያ ቴስቱን በዚህ ሜዳ ተጫውቶ አገሩ ዌስት ኢንዲስን ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈች፤ በ1976ም በዚሁ ሣር ላይ ሕንድ በመጨረሻው ተራ 406 ነጥብ አስቆጥራ ረታች። ከ1845 እስከ 1917 በኮንትራት ለሸንኮራ እርሻ የመጡት ሕንዶች የልጅ ልጆች ከተመልካቹ መካከል ነበሩና፣ ለማን ማጨብጨብ እንደሚገባ በየመቀመጫው አከራካሪ ሆነ።

በ2017 በደሴቲቱ ደቡብ በታሩባ በብራያን ላራ ስም አዲስ ስታዲየም ተመርቋል። የኦቫል ባለቤት ግን ያው ጥንታዊው ክበብ ነው። ተጫዋቹም፣ አምበሉም፣ ተመልካቹም ተለውጠዋል። የአባሎቹ መቀመጫ አሁንም ከሌላው ሕዝብ የተለየ ሲሆን፣ ቀሪው ተመልካች በታላቅ ግጥሚያ ቀን በር ላይ ቲኬቱን አሳይቶ ይገባል።