ግቢ ሲሸኝ እንጂ ሲቀበል አይደግስም

የዩኒቨርሲቲ ሕይወት ሁለት በር አለው፤ መግቢያና መውጫ። የግቢዎቻችንን ጠባይ ማወቅ የሚፈልግ ሰው በሁለቱ በሮች ላይ የሚደረገውን ቢያነጻጽር ብዙ ነገር ይገለጥለታል።

ከመግቢያው እንጀምር። አብዛኛውን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ልጁ ምርጫውን ይሞላል እንጂ የት እንደሚደርሰው አያውቅም። የደብረ ማርቆሱ ጅማ፣ የአርባ ምንጩ ጎንደር ሊመደብ ይችላል። አንሶላና ብርድ ልብሱን በሻንጣ፣ እናቱ ያዘጋጀችለትን በሶ በላስቲክ ይዞ ዘመድ በሌለበት ከተማ መናኸሪያ ይወርዳል። አንዳንዱ የከተማውን ቋንቋ እንኳ አይሰማም።

እዚህ ላይ የሚያኮራ ልማድ አለን። ነባር ተማሪዎች መናኸሪያ ድረስ ወጥተው የማያውቁትን ልጅ ሻንጣ ይሸከማሉ፤ ሬጅስትራሩን፣ ዶርሙን፣ ካፌውን ያሳያሉ። ማንም አይከፍላቸውም። ይሁንና ይህን በአብዛኛው የሚያስተባብሩት የግቢ ጉባኤ፣ የጀመዓና የፌሎሺፕ ልጆች ናቸው። ሥራቸው የሚመሰገን ነው፤ ሻንጣ ሲያነሱ ሃይማኖት የማይጠይቁም ብዙ ናቸው። ግን ሳምንት ሳይሞላ እያንዳንዱ አዲስ ገቢ ወደየወገኑ ይሰበሰባል። ሁሉንም አንድ ላይ የሚቀበል ሰፊ ቤት የለም።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2012 የትምህርት ዘመን መጀመሪያ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሳው ብሔር ተኮር ግጭት የተማሪዎች ሕይወት ጠፍቷል። ያኔ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ የተመለሰው ተማሪ ብዙ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጁን ራቅ ወዳለ ግቢ የሚልክ ወላጅ ስልኩን ከጎኑ አይለይም። በተደራራቢ አልጋ ላይና ታች የሚተኙ ልጆች ስም ሳይተዋወቁ ወሬ ከቀደማቸው፣ ግቢው ራሱ ለአደጋ በር ከፍቷል ማለት ነው።

ወደ መውጫው በር እንሂድ። እዚያ ድግስ ሞልቷል። ተማሪው ጂሲ ከሆነ በኋላ የመቶኛ ቀን አለ፣ ከለር ዴይ አለ፣ የባህል ልብስ ቀን አለ። ለዚህኛው ቀን ቲሸርት ይታተማል፤ ለዚያኛው ሱፍ ይፈለጋል። መጽሔቱ ላይ ፎቶና «ላስት ወርድ» ይወጣል። ደስታው ክፉ አይደለም፤ ዓመታት በሽሮ የታገለ ልጅ አንድ ቀን ቢጨፍር ማን ይከፋዋል? ችግሩ መዋጮው ነው። መንግሥት በ2017 የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀትን ከ22 ብር ወደ 100 ብር ያሳደገው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ኑሮ ለቲሸርት የሚከፍለው ያጣ ልጅ «ጥናት አለብኝ» ብሎ ዶርም ይቀራል። የባቹ ፎቶ ላይም የለም።

ሌላም ነገር አለ። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና መጥቷል። በመጀመሪያው ዙር ያለፈው 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። የመቶኛው ቀን የሚጨፈረው ደግሞ ከፈተናው አስቀድሞ ነው። ስለዚህ ድግሱን ከፍሎ ዲግሪውን የሚያጣ ይኖራል ማለት ነው።

የግቢ በዓል ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ተማሪዎች ታላቅ ቀን የኮሌጅ ቀን ነበር፤ ወጣት ገጣሚዎች በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቆመው ስለ ድሃው ያነበቡበት። ልማድ ሰው የሠራው ነገር ስለሆነ ሰው ሊያሻሽለው ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ተመራቂው ባች ለቲሸርት ከሚያዋጣው ጥቂቱን ለአዲስ ገቢዎች ይተው፤ ባልዲውን፣ ሞጁሉን፣ ያጠናበትን ሀንድአውት ያውርስ። ዩኒቨርሲቲውም የመጀመሪያውን ሳምንት በዲን ንግግር ብቻ አይዝጋው፤ የዶርም ልጆች አብረው የሚበሉበት፣ ከየአገራቸው የመጡበትን ወግ የሚጫወቱበት፣ የከተማውን ቋንቋ ሰላምታ የሚማሩበት ያድርገው። ወጪው ትንሽ ነው።

ተመራቂውን አበባ ይዞ የሚጠብቀው ቤተሰብ አለው። አዲስ ገቢው ግን በዚያ ከተማ ከግቢው በቀር ማንም የለውም።