የአገር ልጅነት በምን ይታወቃል?

ሰው አገሩን መውደዱ የተፈጥሮ ነው። ወፍ እንኳ ጎጆዋ ወዳለበት ዛፍ እንግዳ ሲቀርብ ትጮኻለች። ወፍ ግን ከመጮህ በቀር ሌላ ዘዴ የላትም፤ ሰው ልቡና ስላለው የቀረበው ማን እንደ ሆነ፥ ለምን እንደ መጣ፥ ምንስ እንደሚገባው ሊመረምር ይችላል። ስለዚህ የአገር ፍቅር የሚፈተነው ከእንግዳ ጋር በተገናኘ ጊዜ ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ ላጫውትህ የምፈልገው ስለዚህ ፈተና ነው።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሬ፥ ብዙ ዘመን በአሶሳና በአካባቢዋ ሳስተምር ቈይቼ፥ አሁን በጡረታ የምኖር ሰው ነኝ። ይህን ጥያቄ ለመማር ከአሶሳ የሚሻል ስፍራ አላውቅም። ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በ1894 ዓ.ም. የሱዳንን ወሰን በውል ሲያጸኑ፥ የበርታ ሕዝብ ከፊሉ በዚህ፥ ከፊሉ በዚያ ቀረ። ወንድማማቾች ሳይለያዩ መንግሥታቸው ተለያየ ማለት ነው። ኋላም በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት መንግሥት ከወሎ፥ ከትግራይና ከሌላም ስፍራ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር፥ ብዙ ሺህ ሰዎች በአሶሳ ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ከክልሉ ሕዝብ ከመቶ 25 የሚሆነው በርታ፥ 22 የሚጠጋው አማራ፥ 21 የሚጠጋው ጉሙዝ ሆኖ ተገኘ፤ የቀረው ኦሮሞ፥ ሺናሻ፥ ማኦ፥ ኮሞና ሌላውም ነው።

ከወሰን ማዶም የመጡ አሉ። የሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ በ1989 ዓ.ም.፥ የባምባሲው ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ተከፈተ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በኩርሙክ በኩል የገባው ብዙ ነው። መንገዱ ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያስኬድ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ራብ ጊዜ ስንት ኢትዮጵያዊ በሱዳን ተጠልሎ ነፍሱን አተረፈ! በ2013 ዓ.ም. በመተከል ሁከት ጊዜም ከጉሙዝ ወገኖቻችን በሺህ የሚቈጠሩት ወደ ሱዳኑ ብሉ ናይል ተሰደዋል። እንግዲህ የዛሬው ባለቤት የትናንት እንግዳ ነው፤ የነገውንም የሚያውቅ የለም።

ይህን ሁሉ እያወቅን ግን በአፋችን አንዲት ክፉ ቃል አለች፤ እርስዋም «መጤ» የምትባለው ናት። ይህች ቃል በትልቅ ጉባኤ ብቻ የምትነገር እንዳትመስልህ። በከተማችን ልጆች ፕሌይስቴሽን ቤት የሚሉት የጨዋታ ስፍራ አለ። አንድ ቀን የልጅ ልጄን ልጠራ ገብቼ ሳለሁ፥ ሁለት ልጆች በመስኮቱ ላይ የእግር ኳስ ይጫወቱ ነበር። አንዱ የከተማው ተማሪ ነው፤ ሁለተኛው ከወላጆቹ ጋር ከሱዳን የመጣ ነው። የከተማው ልጅ ብራዚልን፥ እንግዳው ፈረንሳይን ይዟል። በዚያ ቤት በነበረው ጨዋታ ውስጥ የኢትዮጵያም የሱዳንም ቡድን የለም። ፈረንሳይ አንድ ለዜሮ እየመራ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር መብራት ጠፋ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመጣ መሣሪያው ሁሉን ረስቶ እንደ አዲስ ጀመረ። «እኔ አሸንፌአለሁ፤ ተራው የኔ ነው» አለ እንግዳው። «ገና አላለቀም» አለ ሌላው። ክርክሩ ሲከር የከተማው ልጅ ጆይስቲኩን ነጥቆ፥ «ተነሥ፥ አንተ መጤ! አገርህ ሄደህ ተጫወት» አለው።

ያን ልጅ አውቀዋለሁ፤ አባቱን አስተምሬአለሁ። አያቱ በ1977 ዓ.ም. በመኪና ተጭነው ከወሎ የመጡ ሰው ናቸው። ይህችው ቃል በአያቱም በአባቱም ላይ ስትወረወር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የቤቱ ባለቤት በርታ ነው፤ ከእንግዳው ልጅ ጋር የሚነጋገረውም በበርትኛ ነበር። እርሱ ግን ለማንም ሳያዳላ፥ «በዚህ ቤት ተራ የሚገኘው በክፍያ ነው እንጂ በትውልድ አይደለም። ሁለታችሁም ከፍላችኋል፤ ከዜሮ ጀምሩ» ብሎ ፈረደ። እንግዳው አኰረፈ፤ ጎሉ ጠፍቶበታልና። ቢሆንም ተቀምጦ ተጫወተ።

ነገሩ ትንሽ ነው ትል ይሆናል። ቃሉ ግን ትንሽ አይደለም። በታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን፥ በቡለን ወረዳ፥ በኩጂ በምትባል ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተገደሉ። እንዲህ ያለ ጥፋት ብዙ ምክንያት አለው፤ መሣሪያ ታጥቆ የሚመጣውም ጨዋታ ቤት ውስጥ የተጣላው ልጅ አይደለም። ነገር ግን ጎረቤትን ከሰውነት ተራ የሚያወጣ ንግግር አስቀድሞ ባይለመድ ኖሮ እጅ እንዲህ አይደፍርም ነበር።

«ታዲያ አገር ባለቤት የለውም ወይ?» የሚል ቢነሣ ጥያቄው የተገባ ነው። እንግዳ ሲበዛ ማገዶ ይሳሳል፤ ውሃ መቅጃው ይጣበባል፤ የገበያው ዋጋ ይንራል። አባቶቻችን እንግዳ በመጀመሪያ ወርቅ፥ ቀጥሎ ብር፥ ኋላም ብረት ይሆናል ያሉት ይህን አይተው ነው። ለዘመናት በዚህ ምድር የኖሩትም ሕዝቦች በገዛ አገራቸው እንዳይረሱ መስጋታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን የዚህ መድኃኒቱ ሕግ ነው እንጂ ስድብ አይደለም።

ሕጉንም እንይ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም እናት የተወለደ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። የውጭ ሰውም ዜግነት ሊጠይቅ ይችላል፤ ለዚህም ከሚፈለጉበት ነገሮች መካከል ቢያንስ አራት ዓመት በአገሪቱ መኖር፥ በቂ የሆነ ሕጋዊ ገቢ፥ መልካም ጠባይና የታማኝነት መሐላ ይገኙባቸዋል። ከቋንቋ በኩል ከአገሪቱ ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት ይበቃል። እንግዲህ ያ ከጨዋታው ተነሥ የተባለው ልጅ በበርትኛው ብቻ የቋንቋውን ፈተና ሊያልፍ ነው። ዜጋ ነው ማለቴ አይደለም፤ ስደተኛ ነው። ለስደተኛም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1110 የመሥራትና የመማር መብት ደንግጎለታል።

እንግዳ የሚበላብንን ብቻ መቍጠርም ትክክል አይደለም። አምና ስልኬ ተበላሽቶ ለጠጋኝ ብሰጠው፥ ድኖ ሲመለስ ጽሕፈቱ ሁሉ ዐረብኛ ሆኖ መጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ብነካካው ይባስ ተቈላለፈ። በመጨረሻ በገበያ ሻይ የሚሸጥ የሱዳን ወጣት አነበበና በአንድ ደቂቃ ወደ አማርኛ መለሰልኝ። ቀጥሎም ከኪሱ በአማርኛ የተጻፈ ቅጽ አውጥቶ፥ «አባቴ፥ እርስዎ ደግሞ ይህን ያንብቡልኝ» አለኝ። አነበብሁለት። ሁለታችንም የጎደለንን ከሌላው አገኘን።

ልጆቻችንም በሰው አገር እንግዶች ናቸው። ሲፋን ሐሰን በአዳማ ተወልዳ በ15 ዓመቷ በስደት ወደ ኔዘርላንድ ሄደች፤ በ2006 ዓ.ም. የዚያን አገር ዜግነት አገኘች። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶን ትግስት አሰፋን በሦስት ሰከንድ ቀድማ ለኔዘርላንድ ወርቅ አመጣች። ያን ቀን ብዙዎቻችን በግማሽ ልብ አዘንን፤ በግማሽ ልብ ኰራን። በዚያ ላለችው ልጃችን በር እንዲከፈትላት የምንወድ፥ በዚህ የሰውን ልጅ «ተነሥ» የምንልበት አፍ ከየት እናመጣለን?

ማንነታችን በእንግዳ ብዛት ይጠፋል ብለህ ብትፈራ፥ መጀመሪያ ራስህን መርምር። የባዕድ አገር ተጫዋቾችን ስም ከነቍጥራቸው የሚያውቅ፥ የዳቡስ ወንዝ ወደ ዐባይ እንደሚገባ ግን የማያውቅ ልጅ አይቻለሁ። ይህን ዕውቀት የወሰደበት ስደተኛ የለም፤ ራሱ ነው የተወው።

የአገር ልጅነት በትውልድ ይጀመራል እንጂ በትውልድ አያልቅም። የሚታወቀው ተራን በማክበር፥ ለሕግ በመገዛት፥ ለጋራ ጒድጓድ ውሃ በመድከም፥ የአገርን ቋንቋና ታሪክ በማጥናት ነው። ስለዚህ፥ ወጣት ሆይ፥ መብራት ጠፍቶ ጨዋታህ ሲበላሽ በመብራቱ ተናደድ፤ አጠገብህ የተቀመጠውን ግን ከየት እንደ መጣ አትጠይቀው። ስሙን ጠይቀው።