«ፋይልሽ የለም» ከማለታችሁ በፊት

ሰርቨር የምትጠብቁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይቺ ለእናንተ ናት። ሌሎቻችሁም ስማችሁ የሆነ ቦታ ፋይል ላይ መኖሩ አይቀርምና ብታነቧት አይከፋም።

ባለፈው ሳምንት ሱሉልታ የሚሠራ ተማሪዬ ደወለ። «ቲቸር፣ አንዲት ልጅ ለትራንስክሪፕት ስትመላለስ ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ፋይልሽ የለም ተብላለች። የሥራ ምዝገባው ደግሞ ነገ ይዘጋል።» እኔ ሰበታ ነኝ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ወዲህ ሸገር በሚባል አንድ ከተማ ሥር ናቸው፤ በታክሲ ግን እንጦጦን ተሻግሮ እዚያ መድረስ ግማሽ ቀን ይበላል። ስለዚህ በኤስኤስኤች ገባሁ። ጥቁሩን ስክሪን የምወደው ለዚህ ነው፤ የሚመላለሰው ፊደል ብቻ ስለሆነ ኔትወርኩ እየተንፏቀቀም ይደርሳል።

ስሟን ልቀይረውና ፀሐይ እንበላት። መታወቂያዋ ላይ ያለው እንደዚያ ነው፤ ስካን ያደረገው ሰው ግን «ጸሃይ» ብሎ አስቀምጧታል። ለጆሯችን አንድ ነው። ለሊኑክስ ግን ፀ እና ጸ የ«በ» እና የ«ቀ» ያህል ይለያያሉ፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር ይዞ ነው የገባው። እስቲ ቁጠሩት፦ ጸ በ2 ዓይነት፣ ሀ በ6 ዓይነት ይጻፋል፤ «ፀሐይ» ብቻ 12 ሆነ። አባቷ ኃይለ ሥላሴ ቢሆኑ፣ ተነጣጥሎም ተጣብቆም ስለሚጻፍ፣ 48 ይጨመርበታል። አባዙትና 576። የተፈለገው በአንዱ ብቻ ነበር።

«ፋይንድ» ላይ ስሙን እንዲህ ስጡት፦ '*[ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ*'። ቅንፉ «ከእነዚህ አንዱ» ማለት ነው። ሴኮንድም አልፈጀ፣ ፋይሏ ወጣ፤ ልጅቷም የዚያኑ ዕለት ትራንስክሪፕቷን ይዛ ሄደች።

ተማሪዬ ወዲያው «ታዲያ ሞክሼዎቹን ሁሉ በስክሪፕት ወደ አንድ ልቀይራቸው?» አለኝ። ኧረ በፍጹም! ሠናይት ከበደ እና ሰናይት ከበደ ሁለት ሰዎች ቢሆኑስ? «ኤምቪ» እንዲሁ ከታዘዘ ሳይጠይቅ አንዱን በሌላው ላይ ይጽፋል፤ የአንዷ ፋይል ያኔ የእውነት ይጠፋል። ስሙን እንደተጻፈ ተዉትና ከፊቱ የመታወቂያ ቁጥሯን ጨምሩ። ደግሞ በእኛ ከተሞች ግማሹ ፋይል በቁቤ ነው። ጫላ በቁቤ በ«ሲ» ብቻ ይጀምራል፤ የእንግሊዝኛ ልማድ ያለው ጸሐፊ «ኤች» ይጨምርበታል፣ በቁቤ ያ «ቸ» ነው። ይህን የትኛውም ቅንፍ አይፈታውም። ቁጥር ግን በሁሉም ቋንቋ ያው ነው።

ቡራዩ ያለኸው፣ «አርሲንክ አንዳንድ ፋይል አልወስድ አለ» ላልከኝ፦ ዲስክህ አልሞላም። የፋይል ስም በሊኑክስ ላይ ከ255 ባይት አያልፍም፤ አንድ የአማርኛ ሆሄ ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 85 ሆሄ፣ በቃ። ዊንዶውስ የሚቆጥረው በባይት ስላልሆነ ላፕቶፑ ላይ ችግር የለውም። ቢሮ ውስጥ የደብዳቤውን ጉዳይ ሙሉውን፣ «ይመለከታል» ድረስ፣ የፋይል ስም የሚያደርጉ ሰዎች እንዳሉ አንተም ታውቃለህ። ስሞቹን አሳጥርና እንደገና አስኪደው፤ ያኔም እምቢ ካለ ሎጉን በቴሌግራም ላክልኝ።